የጎንደርን ጥያቄ ወደ ላይ የሚያደርሰው ማን ነው?

ጎንደር ውስጥ የፓርቲ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ከበላይ የመጣው ሰነድ ለረጅም ሰዓት ይነበብና መድረኩ ለጥያቄ ይከፈታል። ከማራኪ ወይም ከአዘዞ የመጣች እናት ተነሥታ ቧንቧው ከደረቀ መሰንበቱን፣ ጀሪካን ተሸክማ መዋሏን ትናገራለች። መድረክ መሪው ይጽፋል፤ «ለሚመለከተው አካል እናቀርባለን» ይላል። በሚቀጥለው ስብሰባ ሌላ ሰነድ ይነበባል። የእሷ ጥያቄ የት እንደደረሰ የሚነግራት ግን የለም።

ስለ ብልጽግና ፓርቲ የአማራ ክልል ቅርንጫፍ ስናወራ ይህችን እናት መርሳት የለብንም ባይ ነኝ። ቅርንጫፉ ከላይ የወረደ አቅጣጫ ለማድረስ ፈጣን ነው፤ ከታች የመጣ ጥያቄ ይዞ ለመውጣት ግን አቅሙም ድፍረቱም አንሶታል።

የቅርንጫፉ መነሻ የሆነው ድርጅት ስሙን ደጋግሞ ቀይሯል። በ1973 ኢሕዴን ሆኖ ተመሠረተ፣ በ1986 ብአዴን ተባለ፣ በመስከረም 2011 ባሕር ዳር ላይ አዴፓ ሆነ፣ በ2012 ደግሞ ከስሞ ወደ ብልጽግና ገባ። አራት ድርጅቶች በግንባርነት አገር በመሩበት በኢሕአዴግ ዘመን፣ 180 አባላት ባሉት የግንባሩ ምክር ቤት ውስጥ እንደ ሌሎቹ ሦስት ድርጅቶች 45 መቀመጫ ነበረው። የሕዝብን ብዛት ያላገናዘበ ክፍፍል ስለነበር እንዲመለስ የምመኘው አይደለም። ሆኖም ድርጅቱ የራሱ ድምፅ ነበረው፤ ያን ድምፅ ለብዙ ዓመታት ሳይጠቀምበት ቆይቶ በመጨረሻ የተጠቀመበት ሕዝቡ ስለገፋው ነው። ሐምሌ 24 ቀን 2008 የጎንደር ሕዝብ የወልቃይትን ጥያቄ፣ ማለትም ያኔ በትግራይ ክልል ሥር የነበረው አካባቢ ወደ አማራ ይካለል የሚለውን፣ ይዞ አደባባይ ወጣ። ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ፣ መጋቢት 2010 ላይ፣ ብአዴን ከኦሮሞው የግንባሩ አባል ድርጅት ከኦሕዴድ ጋር ቆሞ የግንባሩን ሊቀመንበር ምርጫ ወሰነ። ያ ጉልበት የመጣው ከአደባባዩ መሆኑን ጎንደር ውስጥ የሚጠራጠር ሰው አላውቅም።

አሁንስ? የአንገረብ ግድብ በደለል ተሞልቶ ለከተማው አልበቃ ካለ ቆየ። ተስፋ የተጣለበት የመገጭ ግድብ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ገንዘቡ የፌዴራል፣ ጥማቱ የጎንደር ነው። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ማዕከሉን አጥብቆ መያዝ ያለበት የክልሉ ቅርንጫፍ ነው። ነገር ግን ኃላፊዎቹ የሚሾሙትም የሚነሡትም በበላይ ፈቃድ ከሆነ፣ የሾማቸውን አካል ስለ ውሃ እንዴት ይሞግቱታል? ከንቲባውም ቢሆን በምክር ቤት ድምፅ ከመመረጡ በፊት ፓርቲው የጨረሰው ጉዳይ ነው። ነዋሪው ሹመቱን እንደ ማንኛውም ሰው ከዜና ይሰማል።

ክልሉ ጦርነት ላይ ነው፣ ጊዜው የአንድነት ነው የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። የቅርንጫፉ ኃላፊ የነበሩት ግርማ የሺጥላ በሚያዝያ 2015 ተገድለዋል፤ በዚያው ዓመት ክረምት ውጊያው ጎንደር ከተማ ድረስ ገብቶ ነበር፤ ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። የፓርቲ ሰው መግደል ለማንም መፍትሔ ሆኖ አያውቅም፣ ሊሆንም አይችልም። ይሁን እንጂ ሰሚ አጥቶ የከረመ ጥያቄ ነው ወጣቱን ወደ ጫካ ለሚጠራው አሳልፎ የሚሰጠው። ጦርነት ስላለ ዝም እንበል ማለት እሳቱን ማቆየት ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይናገራል። በአንቀጽ 54 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው መሆኑን ደንግጓል። የፓርቲው መሪዎች እነዚህን አንቀጾች በየመድረኩ ሲጠቅሱ ብሰማ ደስ ይለኛል።

እስከዚያው የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የጎንደር ዕጩዎች በጎንደር አባላት በምስጢር ድምፅ ይለዩ። ቅርንጫፉም ከዚህ ከተማ ተቀብሎ ወደ አዲስ አበባ የወሰዳቸውን ጥያቄዎች ከተሰጣቸው መልስ ጋር፣ መልሱ «አይሆንም» ቢሆን እንኳ፣ በየቀበሌው ለጥፎ ያሳየን።