«ልጅ ምን ያውቃል» ማለት ይብቃን

ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው እኔንም ይጨምራል።

ከጦርነት የሸሹ ልጆች ሥዕል ሲሠሩ አብሬያቸው ተቀምጬ ነበር። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ቤት ሳለች። በር አለው፣ አንድ መስኮት አለው። ከዚያ ጥቁሩን እርሳስ አነሳችና መስኮቱን ታጠቁረው ጀመር። ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ደጋገመችው። እኔ ደነገጥኩና «የኔ ቆንጆ፣ ይሄ ያስፈራል፤ አበባ አይሻልም?» አልኳት። እሺ ብላ አበባ ሳለች። ጎበዝ አልኳት። ወደ መስኮቱ አልተመለሰችም።

ሁላችንም የምናደርገው ይህንኑ ነው። «ልጅ ምን ያውቃል፣ ሲያድግ ይረሳዋል» እንላለን። አይረሳውም። ሆዱ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ሂዩማን ራይትስ ዋች የሚባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት አጥኚዎች ቻድ ውስጥ ከሱዳኗ ዳርፉር ጦርነት ሸሽተው የተሰደዱ ሰዎችን ያነጋግሩ ነበር። ወላጆቹ ሲናገሩ ልጆቹ እንዳይሰለቹ ወረቀትና ከለር ሰጧቸው። ይህን ሳሉ ያላቸው ሰው አልነበረም። ልጆቹ ግን የሚቃጠል መንደር፣ ቦምብ የሚጥል አውሮፕላን፣ በፈረስና በግመል የመጡ ታጣቂዎችን ሳሉ። እነዚህ ናቸው እንግዲህ ምንም አያውቁም የምንላቸው።

ከዚህ የባሰም አለብን። እንዲህ ያለ ሥዕል ስናይ ቀድመን የምንጠይቀው «አውሮፕላኑ የማን ነው?» ብለን ነው። የኛ ከሆነ ሥዕሉን እንደብቃለን፣ ልጁን ሰው አስጠንቶት ነው እንላለን። የነሱ ከሆነ ፎቶ አንስተን በየስልኩ እናዞረዋለን። ሰው ያለቅሳል፣ ይሳደባል፣ ቂሙን ያድሳል። ልጁ ግን ያው ነው። ሌሊት አልጋው ላይ ይሸናል። በር ድው ሲል ጠረጴዛ ሥር ይገባል። እናንተ ሠዓሊዎችም ብትሆኑ፣ ጉንጩ ላይ አንድ የምታምር እንባ አንጠልጥላችሁ ስትሸጡት አፈሩ!

ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ የምትባል ሠዓሊ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1942 ናዚዎች ቴሬዚን ወደሚባለው፣ አይሁዶችን ወዳጎሩበት ጌቶ ወሰዷት። እዚያ ለታጎሩት ልጆች ሥዕል ታስተምር ነበር። ወረቀት ሲጠፋ በተጣለ ወረቀት ጀርባ ይሠሩ ነበር። እያንዳንዱ ልጅ ሥዕሉ ላይ ስሙን እንዲጽፍ ታደርግ ነበር። ቁጥር ሆነው ለተቆጠሩ ልጆች ስም ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በጥቅምት 1944 አውሽዊትዝ ወደሚባለው የናዚዎች የግድያ ካምፕ ተወስዳ ተገደለች። ከልጆቹም አብዛኞቹ አለቁ። በሁለት ሻንጣ የተደበቁት 4,500 ያህል ሥዕሎች ግን ተረፉ። ሞት በር ላይ ቆሞ እንኳ አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። እኛ በሰላም ቤታችን አስር ደቂቃ እንሰስታለን።

እባካችሁ፣ ለልጁ ወረቀት ስጡትና ቁጭ በሉ። ጥቁሩን እርሳስ አትቀሙት። «ይሄ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ካልመለሰ አታስጨንቁት። እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከሸሸ፣ ያንኑ ነገር ቀን በቀን ከሳለ ደግሞ ባለሙያ ጋ ውሰዱት። ሳይፈቅድላችሁ ሥዕሉን ለማንም አታሳዩ። የሱ ነው።

ያቺ ልጅ ከቤተሰቧ ጋር ሌላ ቦታ ሄዳለች። አበባዋ እኔ ጋ አለ። መስኮቱ ውስጥ ማን እንደነበረ ግን አልጠየቅኳትም።