ማስተካከያ፦ ጆን ሃርቫርድ መሥራች አልነበረም

ባለፈው ሳምንት ለኮሌጆች በኑዛዜ ስጦታ የሚተዉ ሰዎችን አመስግኜ ጽፌ ነበር። እዚያ ላይ ጆን ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1638 በአሜሪካ የሚገኘውን የሃርቫርድ ኮሌጅ (የዛሬውን ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ) እንደመሠረተና በጽሑፍ ኑዛዜ ሀብቱን ሁሉ እንደሰጠ ተናግሬአለሁ። ሦስቱም ልክ አይደሉም። አንባቢዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ኮሌጁን በ1636 ያቋቋመው የማሳቹሴትስ ቤይ ቅኝ ግዛት ሸንጎ ነው። ጆን ሃርቫርድ ያኔ ገና ከእንግሊዝ አልመጣም። የመጣው በ1637 ነው፤ በዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ገና የ30 ዓመት ወጣት ነበር።

ኑዛዜውም ወረቀት ላይ አልሰፈረም፤ በቃሉ ነው የተናዘዘው። ከሀብቱ የሰጠው ግማሹን ነው። መጻሕፍቱን ግን አንድም አላስቀረም፤ ወደ 400 ይጠጋሉ። በዚያ ዘመን ባሕር ተሻግሮ የመጣ 400 መጽሐፍ ቀላል ነገር አይደለም! ገንዘቡም ለጀማሪ ኮሌጅ ትልቅ እፎይታ ነበር። በ1639 ኮሌጁ በስሙ እንዲጠራ የተወሰነውም ለዚህ ነው።

እኔን ያሳሳተኝ ግቢው ውስጥ ያለው ሐውልት ነው። በ1884 የቆመ ሲሆን «መሥራች፣ 1638» ይላል። ፊቱም የእሱ አይደለም። የጆን ሃርቫርድ ምስል ስላልነበረ ቀራጩ ሌላ ሰው አስቀምጦ ነው የሠራው።

ምስጋናዬን ግን አላነሳም። ሰውየው ሊሞት ሲል የማያውቃቸውን ተማሪዎች አስቧል። በጽሑፉ ላይ «መሥራች» የሚለውን ቃል «ቀደምት ለጋስ» በሚል ተክቼዋለሁ።