ግልጽ ደብዳቤ፦ ለሄድፎኔ ግራ ጆሮ

ለሄድፎኔ ግራ ጆሮ
ባለህበት

ጉዳዩ፦ ድምፅ እንድታሰማ ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው ዝም ካልክ ሦስተኛ ሳምንትህ ነው። አንገቴን ወደ ቀኝ ሳዘም ትሠራለህ፣ ቀና ስል ትጠፋለህ። ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ሲለኝ፣ ሙዚቃ እየሰማሁ ነው ማለቱ አሳፍሮኝ «ትራስ ነው» ስል ከረምኩ።

በመጨረሻ አንድ የዘጠኝ ደቂቃ ቪዲዮ አየሁና ባለሙያ ሆንኩ። ቪዲዮው ላይ ሰውዬው ስፖንጁን በአውራ ጣቱ ነካ ሲያደርገው ተነሳ። እኔ ስስበው ግማሹ እጄ ላይ ቀረ። ከሥሩ አራት ብሎን አገኘሁ፣ አራቱንም ፈታሁ። አልከፈት አልክ። ለካስ አምስተኛውን ስቲከር ሥር ደብቀኸዋል! ይህን ያወቅኩት ግን በካቻቢቴ ፈልቅቄህ የፕላስቲክ ጥርስህ ቋ ካለ በኋላ ነው። (ስቲከሩ የዋስትናው ማኅተም ነበር። እሱንም ቀድጄዋለሁ።) አንዷን ብሎን ደግሞ የስፒከርህ ማግኔት ስቦ ስሱ ሽፋንህ ላይ ለጠፋት። ላነሳት ስል ሽፋኑ ጎደጎደ።

ውስጥህ ምንም አልተበላሸም ነበር። የተቆረጠው ሽቦ ሄድፎኑ የሚታጠፍበት ጋ ነው፣ ባጠፍኩትና በዘረጋሁት ቁጥር ሲተጣጠፍ የኖረው። አንተን ስከፍት ግን ደህናዎቹንም በጠስኳቸው።

ስለ ሽቦህ ሳልናገር አላልፍም። ከፀጉር አይወፍርም፣ ያውም በቫርኒሽ የተለበጠ ነው። ቫርኒሹ ካልተፋቀ ወይም ካልተቃጠለ የመበየጃው እርሳስ አይዘውም፣ ድብልብል ብሎ ይንከባለላል። እኔ ሙቀት ያነሰው መስሎኝ የጋለውን ብረት አቆየሁት። ቀድሞ የቀለጠው ፕላስቲክህ ነው።

ቀኙንም «እስቲ ልየው» ብዬ ከፈትኩት። የካቻቢቴዬ ጫፍ የሊትየም ባትሪው ለስላሳ ከረጢት ላይ ሲያርፍ፣ ይህ ነገር ከተበሳ በራሱ ግሎ እሳት ሊነሳ እንደሚችል ትዝ አለኝ። እጄ ደረቀ። አንተ ጎረቤቱ ሆነህ እያየህ አንዲት ቃል አልተነፈስክም። ልማድህ ነዋ!

ከሁለት ሰዓት በኋላ ድምፅ ሰጠህ። እሰይ አልኩ። ሁለቱን ሽቦዎች አለዋውጬ በይጃቸው ኖሯል። ቀኙ አየሩን ሲገፋ አንተ ትስባለህ። ጭንቅላቴ መሃል ይዘፍን የነበረው ድምፃዊ አሁን የት ቆሞ እንደሚዘፍን አላውቅም። ቤዝ በመጣ ቁጥር ደግሞ የጎደጎደው ሽፋንህ እንደ ታሰረ ዝንብ ጥዝዝ ይላል። ቅንድብ ሊኳሉ ዓይን ማጥፋት ይሉሃል ይሄ ነው።

ስለዚህ ወደ ቀድሞው ዝምታህ እንድትመለስልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቀኝ ጆሮ
ጠረጴዛ ላይ ለቀረችው ብሎን (ከየት እንደወጣሽ በጽሑፍ እንድታሳውቂ)