ክብር ለ«አልሰራም» ባዮች

ከጠያቂ ሁሉ የማከብረው የቪም ጠያቂን ነው። ቪም፣ ለማያውቁት፣ በዚያ ትዕዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት፣ በቴርሚናል ውስጥ የሚከፈት፣ ማውስ የማይፈልግ የጽሑፍ ኤዲተር ነው። ብራም ሞሌናር የሚባል ሆላንዳዊ በ1991 እ.ኤ.አ. ነው የለቀቀው። መመሪያው አብሮት ይመጣል፤ ኢንተርኔት እንኳ አይፈልግም። ኮለን (:) ብሎ «ሄልፕ» መጻፍ ብቻ ነው። ጀግናችን ግን በዚህ አይሸወድም። ማንበብ የቦዘኔ ስራ ነው። ጎበዝ ይጠይቃል!

ከጥያቄዎቹ ንጉሡ «ከቪም እንዴት ነው የምወጣው?» ነው። ቪምን ባዶውን ስትከፍቱት ስክሪኑ መሃል ላይ «ለመውጣት ኮለን፣ ኪው፣ ኢንተር» ብሎ በግልጽ ይነግራችኋል። ብዙ ጊዜ ከሱ ከፍ ብሎ የኡጋንዳ ችግረኛ ልጆችን እርዱ የሚል መልዕክትም አለ። (ሞሌናር በሕይወት ሳለ ለነሱ ገንዘብ ያሰባስብ ነበር፤ በ2023 አረፈ፣ ነፍሱን ይማርና።) ጀግናችን ሁለቱንም አያያቸውም። ተናዶ ኮንትሮል ሲን ሲደበድበው ቪም መውጫውን ከታች በኩል እንደገና ይጽፍለታል። እሱንም አያይም። እንዲህ ያለ ትኩረት ከየት ይገኛል? በመጨረሻ ቴርሚናሉን በኤክስ ይዘጋና ይተኛል። በማግስቱ ፋይሉን ሲከፍት ቪም «ስዋፕ ፋይል አገኘሁ» (በወጉ ሳይዘጋ የቀረው ስራ ጊዜያዊ ቅጂ ማለት ነው) ብሎ ይጮኽበታል። እሰይ! ሁለተኛ ጥያቄ ተወለደ።

የአጠያየቅ ጥበቡን ደግሞ ስሙልኝ። (ኮንፊግ የሚለው ኤዲተሩን እንደ ልብ የሚያስተካክሉበትን ፋይል ነው።)

«ወንድሜ፣ ኮንፊጌ አልሰራም።»

«ምን አለህ?»

«ኤረር።»

«ምን የሚል ኤረር?»

«ቀይ።»

ሙያ በልብ ነው። ቨርዥኑን ስትጠይቁት «የመጨረሻው» ይላል። ምን ቀይረህ ነበር ስትሉት «ምንም»። ብትለምኑት ብትለምኑት የስክሪኑን ፎቶ በስልክ አንስቶ ይልክላችኋል። ፎቶው ዘመም ያለ ነው። የማኪያቶው ብርጭቆ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ አረፋው ሳይቀር። የኤረሩ መስመር ግን ከፎቶው ውጪ ቀርቷል።

«ቪም ደረቀብኝ» የሚለውም አይረሳኝም። ሴቭ አደርጋለሁ ብሎ በለመደው ኮንትሮል ኤስን ተጭኗል። በብዙ ቴርሚናል ይህ ቁልፍ ስክሪኑን ቀጥ የሚያደርግ የጥንት ትዕዛዝ ነው፤ ኮንትሮል ኪው ይፈታዋል። ሁለት ጣት ነው ስራው። ጀግናችን ግን ላፕቶፑን አጥፍቶ አበራ፣ ከዚያ ራም ስንት እንደገባ ሊያጠያይቅ ወጣ። ችግርን ከሥሩ መንቀል ይሉታል ይሄን።

አሁን ወደ ትልቁ ገድል እንምጣ፤ ወደ ኮንፊግ ኮፒ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት ምቀኞች ናቸው። ጀግናችን አንድ የማያውቀው ሰው ለዓመታት ለራሱ ጣት የሰራውን ኮንፊግ፣ ብዙ መቶ መስመር፣ ሙሉውን ገልብጦ ይለጥፋል። አንዲት መስመር አላነበበም። ያ ሰውዬ ደግሞ ራሱን ለማስለመድ የቀስት ቁልፎቹን የሚያጠፉ አራት መስመሮች አስገብቶ ነበር። የቪም ባለሙያ በኤች፣ ጄ፣ ኬ፣ ኤል ነዋ የሚሄደው። ይህም የራሱ ታሪክ አለው፤ የቪም አባት የሆነውን ቪአይን ቢል ጆይ በ1970ዎቹ ሲጽፍ የተጠቀመበት ኤዲኤም-3ኤ ቴርሚናል ቀስቶቹ የተሳሉት እነዚሁ አራት ፊደሎች ላይ ነበር። ጀግናችን ታሪክ አያስፈልገውም። «ቀስቶቼ ተበላሹ፣ ኪቦርድ የሚጠግን ታውቃላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ኪቦርዱም ተፈታ፣ ተጠረገ፣ ተገጠመ። ቀስቶቹ ኤዲተሩ ውስጥ ዛሬም አይሰሩም።

መላሾቹስ ቢሆኑ? ቪምን ለጠየቀ ተፎካካሪውን ኤዲተር፣ ኢማክስን የሚያዝዙ ደጋጎች ናቸው። አንዱ ደግሞ «ኒዮቪም ግባ፣ ሁሉም ነገር በሉአ ሆኗል» አለው። (ኒዮቪም ከቪም የወጣ ቅርንጫፍ ነው፣ ሉአ ደግሞ የፕሮግራም ቋንቋ።) ገባ። የድሮውን ኮንፊግ ጣለ፣ ፓከር የሚባለውን የፕለጊን (የተጨማሪ መሣሪያ) ማኔጀር ጫነ። ከሰዓታት በኋላ ፓከርን ማንም እንደማይጠግነው፣ ሰው ሁሉ ሌዚ ወደሚባል ሌላ ማኔጀር እንደሄደ ተነገረው። አላማረረም። እንደገና ከዜሮ ጀመረ። ቀለሙን ግሩቭቦክስ አደረገው፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ተመልሶ ግሩቭቦክስ። ከታች ባለው መስመር ላይ ሰዓትና የባትሪ መጠን እንዲታይ አደረገ፤ ሁለቱም ከላይ በኩል ዴስክቶፑ ላይ አሉ። አለቃው የሚጠብቀው ኮድ እስካሁን አልተጀመረም። መቼም ጎጆ ሳይሰሩ እንግዳ አይጠራም።

በቀደም አንድ ክፉ ሰው ጀግናችንን ያዘውና «እስቲ አንድ ጊዜ ሄልፑን ክፈተው» አለው። እሺ ብሎ ከፈተው። ከላይ፣ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች አንዱ ላይ፣ ይህ መስኮት በኮለን ኪው እንደሚዘጋ ተጽፏል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መልዕክቱ ደረሰን፦

«ሄልፑ ስክሪኔን ለሁለት ከፈለብኝ። እንዴት ነው የሚዘጋው?»