መጨረሻውን አትንገሩኝ!

ኧረ በናታችሁ፣ ቀድማችሁ ያያችሁ ሰዎች፣ አፋችሁን ያዙልኝ!

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ጅማ፣ መርካቶ ጋ ወዳለ አንድ ፊልም መጫኛ ቤት ገባሁ። ፍላሼን ሰጠሁት። ልጁ ሰካው፤ የምፈልገውን ሲዝን ነገርኩት፤ ፈልጎ አገኘውና ኮፒ ማድረግ ጀመረ። አረንጓዴዋ መስመር ቀስ እያለች ትሞላለች። እኔ እሷን እያየሁ ቆሜያለሁ። ሳምንቱን ሙሉ የጠበቅኩት ማታ ነበር። ዝናብ አለ፣ በማግስቱ ሥራ የለም፣ መብራትም ከጠዋት ጀምሮ አልጠፋም። መስመሯ 70 በመቶ ላይ ስትደርስ ልጁ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና ፊቱ በርቶ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ለብቻው ነው! መጨረሻ ላይ ገዳዩ ማን መሰለህ...» ብሎ ስሙን ጠራልኝ።

በቃ። አንድ ስም። አሥር ክፍል በአንድ ስም አለቀ።

መስመሯ ግን አላቆመችም። 80፣ 90፣ 100። ፍላሼን ነቅሎ ሰጠኝ፣ ሒሳቡን ከፍዬ ወጣሁ። ምን እለዋለሁ? ልጁ ክፋት አስቦ አይደለም። እሱን ያስደነቀው እኔንም እንዲያስደንቀኝ ፈልጎ ነው። ግን እሱን ያስደነቀው እኮ ስላላወቀ ነው! ቤቴ ገብቼ የመጀመሪያውን ክፍል ከፈትኩ። ያ ሰውዬ ገና ፈገግ ብሎ ሲገባ «አንተ ነህ» አልኩ። የቀረውን ሳላይ ተኛሁ።

እኔ የሆረርና የሳይንስ ልቦለድ ሰው ነኝ። ተከታታይ ፊልም ይሁን ኮሚክስ (በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ)፣ ጭራቅ፣ ከሞት የተነሳ ሰው፣ መንኮራኩር፣ ሌላ ዓለም ካለበት እዚያ አለሁ። «ሰይጣን ጎትቶህ ነው» የሚሉኝ አሉ። «ያደገ ሰው ሥዕል ያያል እንዴ?» የሚሉኝም አሉ። እነሱን ለምጄያቸዋለሁ። የዛሬው ብሶቴ ከራሴ ቢጤዎች ጋር ነው። ይህን ነገር እንደ እኔ ከሚወዱት፣ ቀድመው ከሚያዩት፣ አይተውም ዝም ማለት ከሚያቅታቸው።

የፍቅር ፊልም መጨረሻ ብትነግሩኝ ግድ የለኝም። እንደሚጋቡ ከፖስተሩ ይታወቃል። ኮሜዲም ብትነግሩኝ ቀልዱ ሲመጣ እስቃለሁ። ሆረር ግን ሌላ ነው። ሆረር ማለት የተዘጋ በር ነው። ልጅቷ እጀታውን ይዛለች፣ ሙዚቃው ቆሟል፣ ከበሩ ወዲያ ያለውን እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ፍርሃቱ ያለው እዚያ ጋ ነው። በሩ ከተከፈተ በኋላማ ጭራቁ ቀለምና ጎማ ነው። ከበሩ ወዲያ ያለውን ቀድማችሁ ከነገራችሁኝ እኔ የማየው እንጨት ብቻ ነው።

ኳስ ላይ እኮ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ጨዋታው ያመለጠው ሰው ድግሙን ሊያይ ሲሮጥ፣ ጆሮውን ይዞ «ውጤት እንዳትነግሩኝ!» ሲል፣ ፈረንጅ አራዳ ላይ የቆመ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ይገባዋል። የሚነግረው ሰው ካለ ጠብ ነው። ታዲያ ለ90 ደቂቃ ጨዋታ የሚሰጠው ክብር ለኔ 10 ሰዓት ተከታታይ ለምን ይቀራል?

ደግሞ ይህ ከፈረንጅ የመጣ ቅብጠት አይደለም። ልጅ ሆነን «እንቆቅልህ» ስንባል «ምን አውቅልህ» እንል ነበር። ካላወቅክ «አገር ስጠኝ» ትባላለህ። ጎንደርን ትሰጣለህ፣ አይበቃም። ሐረርን ትጨምራለህ፣ እሱም አይበቃም። ጠያቂው በሰጠኸው አገር ላይ ተንጎራድዶ እስኪጠግብ ትጠብቃለህ። መልሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተረት ላይም እንደዚያው። አያቴ «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ብለን ተሰብስበን፣ ተረቱን ከዚህ በፊት የሰማ አንድ ልጅ «ጅቡ እኮ መጨረሻ ላይ...» ብሎ ከጀመረ በአራት አቅጣጫ ይቆነጠጥ ነበር። «ዝም በል! እሷ ትንገረን!» መልስ አገር የሚያስከፍልበት ቤት ነው ያደግነው። ዛሬ ማንም ሳይጠይቀው መልሱን በመንገድ ላይ የሚበትነው ሰው ከየት መጣ?

ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች መጨረሻውን ለመደበቅ ምን ያህል እንደሚደክሙ ብታውቁ ታፍራላችሁ። «ዘ ዎኪንግ ዴድ»ን ብዙዎቻችሁ በተከታታይ ፊልምነቱ ነው የምታውቁት፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ጀምሮ በ2022 በ11 ሲዝን ያለቀውን። ኮሚክሱ ግን ይቀድመዋል። በ2003 ነው የጀመረው፣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ። በጁላይ 2019 193ኛው ቁጥር ወጣ። አንባቢው እንደወትሮው የወሩን ቁጥር ብሎ ገዛ። ሲያነበው መጨረሻው ነው። ታሪኩ አለቀ። ማንም አስቀድሞ አልተነገረውም። ደራሲው ሮበርት ከርክማን ነገሩ እንዳይነቃበት፣ ቀጥለው ይወጣሉ የተባሉ ቁጥሮች ከነሽፋን ሥዕላቸው ማስታወቂያ ወጥቶላቸው ነበር። ፈጽሞ የሌሉ ቁጥሮች!

እስቲ አስቡት። ሰውየው 16 ዓመት የዘለቀ ታሪክ መጨረሻ እንዳይታወቅ ላልተጻፈ መጽሐፍ ሽፋን አሠርቷል። የኛ ሰው ደግሞ ባጃጅ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጦ፣ ሳልጠይቀው፣ ከቦሳ እስከ መርካቶ ባለው መንገድ ሁሉንም ይዘረግፈዋል።

«ስትሬንጀር ቲንግስ» ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 የጀመረ፣ 5 ሲዝን፣ 42 ክፍል። ከመጀመሪያው ጀምሬ ተከትየዋለሁ። ልጆቹ ሲያድጉ እኔም አድጌያለሁ። የመጨረሻው ክፍል የወጣው ፈረንጆቹ 2025ን ሊሸኙ ሲሉ ነው፤ በኛ አቆጣጠር ሌሊት 10 ሰዓት። እኔ በሌሊት ፓኬጅ አውርጄ በማግስቱ ማታ ልቀመጥ አስቤያለሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሥራ መልእክት ልይ ብዬ ቴሌግራም ስከፍት፣ የሚያለቅስ ምስል፣ ከሥሩ የአንዱ ስም። ከወጣ 4 ሰዓቱ ነው! ከዘጠኝ ዓመት በላይ ጠብቄ ለአንድ ቀን ተቀደምኩ። የለጠፈው ልጅ ጓደኛዬ ነው። ስደውልለት «ሁሉም ያየው መስሎኝ» አለኝ። ሁሉም ማን ነው? ኢንተርኔቱ የፈጠነለት ነው ሁሉም?

«ድሮ የወጣ ነው፣ ምን ችግር አለው?» የምትሉትማ ከሁሉም ታበሳጩኛላችሁ። «ኤክስ ፋይልስ» የሚባለው ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ1993 ነው የጀመረው። እኔ አልተወለድኩም። እጄ የገባው ግን ዘንድሮ ነው። ለናንተ ያረጀው ለኔ ትናንት የተጋገረ ነው። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት ይባላል፤ ለኮሚክስና ለሲዝን ግን ርቀቱ በኪሎ ሜትር አይለካም። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ፣ ፍላሽ እስኪያቀብል፣ ከዚያ ፋይሉ እስኪሠራ ድረስ ነው የሚለካው። መዘግየቴን እንደ ጥፋት አትቁጠሩብኝ።

«ዶክተር ሁ» የሚባለው የእንግሊዞች የሳይንስ ልቦለድ ተከታታይ የመጀመሪያ ክፍሉ የታየው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው። ኬኔዲ በተገደለ ማግስት። የሰው ልብ ዜናው ላይ ነበር፣ በአንዳንድ አካባቢም መብራት ጠፍቶ ነበር። ቢቢሲ ምን አደረገ? በሳምንቱ ሁለተኛውን ከማሳየቱ በፊት የመጀመሪያውን ደገመው። ያመለጠው ሰው ከመጀመሪያው እንዲጀምር ተጠበቀ። መብራት ለጠፋበት ሰው እንዲህ ተደርጎ ያውቃል ማለቴ ነው።

ወደ ዩቲዩቡ ልምጣ። ፊልም በአማርኛ የሚተርኩልንን በጅምላ አልሳደብም። እንግሊዝኛው የማይገባው ብዙ ሰው አለ፤ እኔም በትርጉም ፊልም ነው ያደግኩት፤ ባለውለታዎቼ ናቸው። የምለው ርዕሳችሁንና ፎቷችሁን ነው። ለምንድን ነው የሟቹን ፊት አውጥታችሁ በቀይ ኤክስ የምትሰርዙበት? ለምንድን ነው «ማመን ያቅታል!» ብላችሁ እዚያው ርዕሱ ላይ የማይታመነውን የምትጽፉት? ውስጥ ገብቶ የሚያዳምጣችሁ ሰው ፈልጎ ገብቷል፣ ይስማ። እኔ ግን የሽሮ አሠራር ፈልጌ ነው ዩቲዩብ የከፈትኩት! ሳልገባባችሁ ለምን ትገቡብኛላችሁ? አንድ ቃል ብትቀይሩ እኮ ይበቃል።

ኮሚክስ ላይ ሲሆን ደግሞ ሰው ሳይናገርም ይበላሻል። ይህ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ጥሩ የሆረር ኮሚክስ ሠሪ ድንጋጤውን የትም አያስቀምጠውም። ገጽ ከተገለጠ በኋላ በሚመጣው በኩል ነው የሚያስቀምጠው። ከመገለጡ በፊት ባለችው የመጨረሻ ትንሽ ሥዕል ላይ አንድ ሰው ወደ አንድ ነገር ዞር ብሏል፣ ዓይኑ ፈጧል። ምን እንዳየ አታይም። ለማየት ገጹን በገዛ እጅህ መግለጥ አለብህ። በፊልም በሩን የምትከፍተው ልጅቷ ናት፤ በኮሚክስ አንተ ነህ። ጣትህ ወረቀቱ ጫፍ ላይ ሆኖ «ልግለጥ ወይስ ልተወው» የምትልባት ያቺ ሰከንድ ናት ነገሩ ሁሉ። ጃፓናዊው ጁንጂ ኢቶ የዚህ ጌታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ1999 የወጣው «ኡዙማኪ» አንድ ከተማ ሙሉ በጠመዝማዛ ቅርጽ ሲለከፍ የሚያሳይ ነው፤ ቅርጽ ነው እንጂ ጭራቅ እንኳ የለውም ብላችሁ ገጽ ግለጡና ታዩታላችሁ።

ይህንን የሚሸጥ ሱቅ ጅማ ውስጥ አላገኘሁም። ስለዚህ በፋይል ካገኘሁት ላይ አንዱን ምዕራፍ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አሳተምኩ። በወረቀት ልግለጠው ብዬ። ልጁ እንዲያምር አስቦ ከፊት አንድ ባዶ ገጽ ጨመረና ወረቀቱን በሁለት በኩል አተመው። አንዲት ባዶ ገጽ! እሷ ሁሉንም በአንድ ገፋቻቸው። ተደብቆ መምጣት የነበረበት ሥዕል ከመደበቂያው ጎን ለጎን ተኛ። የፈጠጠውን ዓይንና ያስፈጠጠውን ነገር አንድ ላይ አየኋቸው። አልደነገጥኩም። ጥረዛው ቆንጆ ነበር፣ ቀለሙም ጥርት ያለ፤ ፍርሃቱ ግን አልታተመም።

ቴሌግራም ላይ ገጾቹን ፎቶ አድርገው በአንድ ጊዜ የሚለቁትማ የባሱ ናቸው። አሥሩ ገጽ እንደ ሰርግ ፎቶ ተደርድሮ ይመጣል። የመጀመሪያውን ሳትነካ የመጨረሻው ዓይንህ ውስጥ ነው። «ጀምበር» የተባለው የኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛም ሲወጣ ስንት ዓመት የጠበቅኩት ነገር መጣ ብዬ ነበር የዘለልኩት። ከአዲስ አበባ የመጣ የወንድሜ ጓደኛ «ላሳይህ» ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝና በአውራ ጣቱ ወደ ታች ሳበው፣ እስከ መጨረሻው። «በናትህ ተወው፣ እኔ ልሳበው» አልኩት። «ምን ለውጥ አለው?» አለኝ። ለውጡማ ይሄ ሁሉ ነው።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ከመናገራችሁ በፊት «አይተኸዋል?» በሉኝ። አላየሁም ካልኩ «ሂድና እየው» በሉኝ፣ በዚያ ይብቃ። ሳይ እደውልላችኋለሁ። ያኔ እስከ ንጋት እናውራ፣ ስልኬ ቻርጁ እስኪያልቅ እናውራ!

የቤቴ አከራይ እማማ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ፊልም ሲባል አይወዱም ነበር። ባለፈው ወር ማታ ቡና አፍልተው ሲጠሩኝ «እስቲ አንዱን ላሳይዎት» ብዬ ፍላሼን ሳሎናቸው ቴሌቪዥን ላይ ሰካሁ። «ዘ ትዋይላይት ዞን»ን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1964 የታየ፣ 156 ክፍል ያለው፣ ክፍሉ ሁሉ ራሱን የቻለ ታሪክ ሆኖ በመጨረሻዋ ደቂቃ የሚገለበጥ። የቱን ክፍል እንዳሳየኋቸው አልነግራችሁም። እንግሊዝኛውን እያንዳንዱን ቃል በጆሮአቸው እየተረጎምኩ ነበር። ሲኒው እጃቸው ላይ ቀዘቀዘ። ልትገለበጥ ስትል፣ ልክ እዚያች ላይ፣ መብራት ጠፋ።

ሻማ ለኮሱ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ሰውየው ይድናል?» አሉኝ።

«አልነግርዎትም።»

«አንተ! እኔን እናትህን?»

«አልነግርዎትም፣ እማማ።»

ዝም አሉ። ፍሙን ቆሰቆሱ። ቆየት ብለው፣ «እሺ፣ አገር ልስጥህ» አሉ።

«የቱን?»

«ጅማን። ከነጅሬን።»

«አይበቃም።»

«ቦንጋን ጨምሬልሃለሁ፤ ተናገር።»

አልተናገርኩም። በረካው ተጠጣ፣ ሻማው ወረደ፣ እሳቸውም ተስፋ ሳይቆርጡ ሰውየው ምን ሊሆን እንደሚችል አንድ በአንድ ይገምቱ ነበር። ሦስቱ ግምታቸው ከፊልሙ ይበልጣል። መብራቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ መጣ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረቡና፣ «ከመጀመሪያው አድርግልኝ» አሉ።