99 በመቶ ያመጣው ኔትወርክ ኮርጆ ነው

የሃይፐርስፔክትራል ምስል (ብርሃኑን «ባንድ» በሚባሉ ብዙ ጠባብ የሞገድ ክፍሎች ለይቶ የሚመዘግብ ምስል) አይተው ሰብል የሚለዩ የዲፕ ለርኒንግ ሞዴሎች (ከምሳሌ የሚማሩ ኔትወርኮች) «ከ99 በመቶ በላይ» አመጡ ሲባል መስማት ተለምዷል። ስሌቱ ልክ ነው፤ የተበላሸው ፈተናው ነው።

ብዙዎቹ የሚፈተኑበትን «ኢንዲያን ፓይንስ» የተባለ ምስል እንውሰድ። አቪሪስ የተባለው የናሳ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1992 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ላይ ያነሳው ነው፤ 145 በ145 ፒክስል፣ እያንዳንዱ 20 ሜትር ገደማ። የውሃ ተን ብርሃኑን የሚውጥባቸው ባንዶች ሲወጡ 200 ባንድ ይቀራል። ምድቡ (የሰብሉ ወይም የመሬት ሽፋኑ ዓይነት) የታወቀ ፒክስል 10,249 ነው፣ ምድቡም 16።

የተለመደው አሠራር ባንዶቹን በፒሲኤ (ብዙ ባንዶችን ወደ ጥቂት በሚያጠቃልል ስሌት) ወደ 30 ገደማ ማውረድ፣ ኔትወርኩ የመሃሉን ፒክስል ምድብ እንዲገምትበት በየፒክስሉ ዙሪያ ለምሳሌ 25 በ25 የሆነ ቁራጭ መውሰድ፣ ከዚያ ፒክስሎቹን ለሥልጠናና ለፈተና በዕጣ ማከፋፈል ነው። ጉዱ ያለው ዕጣው ላይ ነው። ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ፒክስሎች አንዱ ለሥልጠና፣ ሌላው ለፈተና ቢደርስ፣ ከቁራጩ 625 ፒክስል 600ው የጋራ ነው። ኔትወርኩ ማሳውን ሸመደደ እንጂ ሰብሉን አላወቀም። ደግሞስ የትኛውን ሰብል? በዚያ ሰሞን በቆሎውና አኩሪ አተሩ ገና ቡቃያ ስለነበሩ የሸፈኑት ከመሬቱ 5 በመቶ አይሞላም፤ የቀረው አፈርና ገለባ ነው።

መፍትሔው ከቁረጣው በፊት ምስሉን በማሳ ወይም በብሎክ መክፈል፣ በሥልጠናና በፈተና ፒክስሎች መካከልም ቢያንስ የአንድ ቁራጭ ስፋት መተው ነው። ፒሲኤውም ከሥልጠናው ክፍል ብቻ ይሰላ። ዋጋ ያስከፍላል፦ አጃ ያለው 20 ፒክስል ብቻ ስለሆነ እንዲህ አይከፈልም፤ ምድቡን አውጥቶ ማውጣቱን መናገር ይሻላል። አጃው በሙሉ ቢሳሳት እንኳ ጠቅላላ ውጤቱ 99.8 ሊሆን ይችላልና የየምድቡ ውጤት ለብቻው ይውጣ።

ወደ እኛ አገር ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። የጀርመኑ ኤንማፕ ሳተላይት ፒክስል 30 ሜትር ነው፤ ግማሽ ሄክታር የጤፍ ማሳ 6 ፒክስል አይሞላም። 25 በ25 ቁራጭ ግን 56 ሄክታር ይሸፍናል፤ ጤፉን፣ ስንዴውን፣ መንገዱንና የባሕር ዛፉን አንድ ላይ አፍሶ ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነት ማሳ ከ3 በ3 ያልበለጠ ቁራጭ፣ ወይም የፒክስሉን ስፔክትረም (በየባንዱ ያለውን የብርሃን መጠን) ብቻ የሚያነብ ኔትወርክ ይበቃል፤ እሱም በንጹሕ ፈተና ራንደም ፎረስትን (ቀለል ያለ የቆየ የመለያ ዘዴ) ካልበለጠ ጂፒዩ (ኔትወርክ የሚሠለጥንበት ፕሮሰሰር) መከራየት አያስፈልግም።