ማስተካከያ፦ ስለ ማዳጋስካሯ የውሃ ዳር ወፍ

ስለ ማዳጋስካር ፕሎቨር በቅርቡ ባወጣነው ጽሑፍ ላይ ሦስት ስህተቶች ስለተገኙ አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ከሁሉም የከፋው የፎቶው ስህተት ነው። ያወጣነው ምስል የእሷ ሳይሆን የቅርብ ዘመዷ የኪትሊትዝ ፕሎቨር ነበር። ሁለቱ በመጠንም በአኳኋንም ስለሚመሳሰሉ፣ ደግሞም ማዳጋስካር ውስጥ በአንድ የሐይቅ ዳር አብረው ስለሚታዩ መምታታቱ አይገርምም፤ ደረታቸውን ማየት ግን ይበቃ ነበር። የማዳጋስካሯ ፕሎቨር ከነጭ ጉሮሮዋ በታች ደረቷን የሚያቋርጥ ጥቁር መቀነት አላት፤ ኪትሊትዝ ይህ የለውም፣ ደረቱ ፈዘዝ ያለ ብርቱካንማ ነው። ኪትሊትዝ በብዙ የአፍሪካ አገሮች፣ በእኛም የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ይገኛል። እሷ ግን ከማዳጋስካር ውጭ የትም የለችም።

«በደሴቲቱ ዙሪያ ሁሉ ትኖራለች» ያልነውም ልክ አይደለም። መኖሪያዋ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ያለው ጨዋማ ረግረግ፣ አጭር ሣር ያለው ሜዳና እንደ ጺማናምፔጾጻ ያለ ጨዋማ ሐይቅ ዳርቻ ነው።

«ለመጥፋት አፋፍ ላይ ደርሳለች» ማለታችንም ተጋንኗል፤ የዝርያዎችን የመጥፋት ስጋት በሚመዝነው ዓለም አቀፍ ቀይ መዝገብ የተመደበችው «ለአደጋ ተጋላጭ» በሚለው ደረጃ ነው። ይህን ስናርም ግን ጉዳዩን ማቅለላችን አይደለም። ቁጥሯ ጥቂት ሺህ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትጥለው ሁለት እንቁላል ሲሆን፣ ጎጆዋም መሬት ላይ ያለች ትንሽ ጎድጓዳ ናት፤ የከብት ኮቴ ይደርስባታል።

ትክክለኛው ፎቶ ተተክቷል።